ሜሱላም አደሰ

ስሜን ስናገረው ሰው ያስደግመኛል፣
መታወቂያ ጸሐፊው ቀና ብሎ ያየኛል፣
"መሰለ ነው? ሙሴ? ሰላም ነው?" ይለኛል።
"ሜሱላም" እላለሁ ፊደሉን ቆጥሬ፣
ከ"ሜ" እስከ "ም" ድረስ ጣቴን ደርድሬ።

ሽምብጥ ሰፈር ሳድግ ልጆች ሲቀልዱ፣
ስሜን ከመሃሉ ከፍለው እየነዱ፣
"ላሙ መጣ!" ብለው ሲወጡ ሲወርዱ፣
"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ"
ያዜሙብኝ ነበር ጣና ዳር ድንጋይ ላይ።

አባቴን ጠየቅሁት፦ "ማን ነበር ሰውየው?
ንጉሥ ነው? ነቢይ ነው? ታቦትስ አለው?"
አባቴ ግንበኛ፣ ፊደል የማይለይ፣
ድንጋይ ግን በጣቱ አንኳኩቶ የሚያይ፣
መሮውን አኖረ፣ አቧራ አራገፈ፣
መልሱን ከመስጠቱ ብዙ ጀልባ አለፈ።

"መሪጌታ ፈንታ ነህምያን ሲያነቡ፣
ስለ ፈረሰ ቅጥር፣ ስለ በር፣ ስለ ግንቡ፣
እኔ ከደጁ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፤
'ሜሱላም አደሰ' ሲሉ ጆሮ ሰጠሁ፣ ደነገጥኩ።
ጥቂት ቆይተው ደግሞ 'ሜሱላም አደሰ'፤
አሮጌው በር ላይ ነው አሁን የደረሰ።
ወደ መጨረሻው፣ ከጓዳው አንጻር፣
ሜሱላም አሁንም አለ፣ እጁ ከጭቃ ጋር።
ይሄ ሰው አይደክምም? ምሳስ አይበላም?
ልጄ ወንድ ከሆነ ስሙ ነው ሜሱላም!

ኋላ መሪጌታ ሳቁብኝ ሲሰሙ፤
'ብዙ ናቸው እኮ በዚህ የሚሰየሙ፤
አንዱ የበራክያ ልጅ፣ አንዱ የበሶድያ፣
አንዱ ሌዋዊ ፍለጋ የሄደ ካሲፍያ፣
አንዱ ከዕዝራ ግራ ዝም ብሎ የቆመ፣
ሌላ ታሪክ የለው፤ ቆመ ነው፣ አከተመ።'
'ይብዙ' አልኩ፣ 'ይባዙ፤ እኔን ምን ቸገረኝ?
ግንብ ብቻ ይሥሩ፤ እሱ ነው ያማረኝ።'"

አሁን እኔ ራሴ ጀልባ ነው ሥራዬ፤
የተበሳ እደፍናለሁ፣ ሬንጅ ነው ሽቶዬ።
እምቦጭ የጠለፈውን ሞተር እፈታለሁ፣
ቆረሶ ሲጠፋ ብረት እበይዳለሁ።

ባለፈው ሰኔ ላይ ብየዳ አሳስቶኝ፣
ያለ መነጽሬ ብልጭታው አግኝቶኝ፣
ፈለገ ሕይወት ሄጄ፣ ዓይኔ እየተወጋ፣
"ሜሱላም!" አለች ነርሷ ከበሩ ጥግ ጋ።

ተነሣሁ።
ከወዲያም ተነሣች አንዲት የደቅ እናት፣
ክንዱ የታሰረ ልጅ፣ ዓመቱም ሰባት።
ነርሷ ካርዱን አየች፤ አየችን በተራ፤
"የትኛው ሜሱላም? የአባት ስም ይጠራ!"
እኔ "ይርሳው" አልኩኝ፣ ልጁ "ቢተው" አለ፤
መጽሐፉ ያን ሰዓት ገጽ የጨመረ መሰለ።

"ስሙን ከየት አገኘሽው? ከቄስ? ከመጽሐፍ ነው?"
"ኧረ ወንድሜ፣ ከወደቡ ግንብ ነው!
እሱን አርግዤ እዚያ ጀልባ ስጠብቅ፣
እግሬ አብጦ፣ ፀሐይ ከራስ የማይርቅ፣
ሲሚንቶው ላይ በጣት፣ ጠማማ ፊደል ነው፣
'ሜሱላም አደሰ' የሚል አነበብነው።
አደሰ… ይቺ ቃል ሆዴ ገባች ሳያት፤
ከሱ በፊት ሁለት ቀብሬ ነበር፣ ሁለት።"

ዝም አልኩ።
አባቴ ኑዛዜውን በጣት ነው ያተመ፤
ያቺን ሁለት ቃል ግን ከየት ነው የለቀመ?
ለኔ ነው የጻፈው? ወይስ ለዚያ ጥንት ሰው፣
እንደሱ ግንበኛ፣ ጭቃ ለለወሰው?
ሳልጠይቀው ሞተ።
ግንቡም አሁን የለም። ወደቡን ሲያሰፉ፣
በግሬደር ገፍተውት ጣና ላይ አራገፉ።
አምባዛ ይሆናል ያን ስም የሚያነበው፣
ወይ ደለል ሸፍኖት ማንም አላሰበው።

"ማን ይግባ?" አለች ነርሷ።
"ትንሹ ይቅደም" አልኩ።
ሜሱላም የቢተው ልጅ በወለቀ ጥርሱ ሳቀልኝ፣ ገባ፣
ክንዱን ሊጠግኑለት።
እኔ ካርዴን ይዤ፣
እንባ ይሁን ብየዳ በማይለይ ዓይን፣
ቆሜ ቀረሁ፣
ከበሩ በስተግራ።